ሳይጠሯት አቤት

ኅዳር 3
ዛሬ አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኮስኩ። የአንዱ ኮሌታ አልተኛ ብሎ አቃጠለኝ... እንደ ባለቤቱ ግትር። የላውንደሪው ጌታ በዚያ ሁሉ እንፋሎት ኮቱን አያወልቅም፤ "ካፖርት" ነው የምንለው። ሲጠራኝ ካውያዬን ጥዬ "አቤት!" አልኩ።
"ኧረ ስምሽን ልጨርስ!" ብሎ ሳቀ። ምኑ ያስቃል?
ቤት ስገባ የወንድሜ ልጅ ቁጭ ብላለች፣ ጉልበቷ ላይ የወረቀት ክምር። መጽሐፍ ጽፋለች። ስለ እናቴ። በልጅነቷ በባርነት ስለኖረችበት ቤት።
"አክስቴ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንብቢልኝ።"
ስትጽፈው የት ነበርኩ? አሁን ገና ታወስኩ? ቢሆንም ተቀበልኳት። ስልሳ ዓመት በሰው ዓይን ሳነብ ኖሬ፣ ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። እምቢ አይባልም።

ኅዳር 5
አራት ገጽ። ሦስት ዓይነት "ሀ" ምን ይሠራልናል? አንዱ አይበቃም?

ኅዳር 9
ያዝኳት! ገጽ አሥራ ሁለት። እመቤቲቱ ልጅቷን ሦስቴ ትጠራለች። ልጅቷ ቀና ብላ፣ ዝም ብላ በመስኮት ታያለች። "መከራ አጠንክሯት ነበር" ይላል።
ሦስቴ? እናቴ? በሁለተኛው ጥርሷን ከወለል ትለቅም ነበር።
እናቴ ያደገችው በጆሮዋ ነው። እመቤቲቱ ተረከዟን ከጎተተች ውሃ ፈልጋለች። ጌታው ካሳለ ጫማው ይቅረብ። ሳይጠሯት አቤት ትላለች። ጠንካራ አልሆነችም፣ ፈጣን ሆነች። ስኳርም ትሰርቅ ነበር፤ ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ። ስኳሩ የታለ? ገልብጬ ገልብጬ አጣሁት። ቅድስት አድርጋ ሰቅላታለች።

ኅዳር 10
ነገርኳት። "ገጽ አሥራ ሁለት ውሸት ነው" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።
"አንብቢ አልኩ እንጂ አርሚ አልኩሽ? አንቺ ደግሞ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!"
ይህን ተረት ስንቴ ሰምቻለሁ። ራሴም በሰው ላይ ተርቼበት ስቄአለሁ። ዛሬ ግን አልሳቅኩም።
"እሷ ናት" አልኩ።
"ማን?"
"ሳይጠሯት አቤት የምትለው። አያትሽ።"
ተቀመጠች። እርሳሷን አወጣች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ስኳሩን ጭምር።
"እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የምታድገው፣ አቤት ማለት የምትተወው? ነፃ ስትወጣ?"
"ነፃ ወጥታም ያው ናት። በር ሲጢጥ ሲል አቤት። ድመት ስታልፍ አቤት።"
ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሁለታችንንም ተወን።
"እስከ አሥራ አራት አስቢልኝ አክስቴ። በማግስቱ ማስረከቤ ነው። እንደዚህ ሆኖ ከታተመ የእሷ አይደለም፤ የኔም አይደለም።"

ኅዳር 12
መቼ አደገች? እኔ ምን አውቃለሁ! እኔንም እኮ አቤት እያስባለች ነው ያሳደገችኝ። አንድ ቀን "ምን?" ብላት ማማሰያው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔን አስቀረችኝ። "የምትችይውን አታሳዪ፤ የቻለ ነው የሚሸከም" ትል ነበር። እሷ እንደ እመቤቲቱ ካሉ ሰዎች ልትደብቀኝ... እኔ ግን ልጇ ነበርኩ። አልረሳም። ምን ብዬ እረሳለሁ?

ኅዳር 13
የካፖርትን ደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩ። ጮኸ፣ ይጩህ። ትዝ ብሎኝ ነው።
ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ጸጉሬን ትጎነጉናለች። ልብስ የምታጥብላቸው ሴትዮ ከአጥር ወዲያ ተጣሩ። ጉልበቷ ከኋላዬ ብድግ ሊል ሲል ተሰማኝ... አልተነሳችም። ደገሙ። ማበጠሪያው ጸጉሬ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።
"ይጥሩ" አለች በሹክሹክታ። "የልጄን ጸጉር ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?"
በሦስተኛውም አልሄደችም።
ለካ ሦስቴው እውነት ነው። ገጹ ነው የተሳሳተው።

ኅዳር 14
በእጄ ጻፍኩት። ገጽ ተኩል። "ሀ"ዎቹን እንደመጡልኝ። የወንድሜ ልጅ ቆማ አነበበችው፤ ጨርሳም አልተቀመጠችም።
"ይሄንን አልነካካውም" አለች።
"ፊደሉንስ?"
"ፊደሉን እንኳ አርማለሁ፣ ይቅር በይኝ።"

ጥር 21
መጽሐፉ መጣ። ስኳሩ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። ጸጉሩ መጨረሻው ላይ። አንድ ቃል አልጎደለም።
ምሳ ሰዓት ላይ ካውያውን ነቅዬ፣ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀምጬ ሳነብ ካፖርት ጠራኝ። ማበጠሪያው የቆመበት ቦታ ላይ ነበርኩ። ደገመ። ጉልበቴ ብድግ አለ... መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስተኛውን ሲጣራ የቀረችኝ አንድ መስመር ነበረች። ጨረስኳት።
"ወዬ" አልኩ።
ብቅ ብሎ አየኝ። "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?"
"እያነበብኩ ነው" አልኩት።