ከቃጠሎው የተረፈው ጋዋንሽ

ሰብልዬ፣ የእኔ ልጅ፣

እንደምን አለሽ ልበልሽ ወይስ ሌላ ቃል ልፈልግ እያልኩ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መስማት ትወጂ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቆርቆሮው ከፊሉ አዲስ ነው፣ ድምፁም ሌላ ነው። ቤታችን ተቃጥሎ ነበር ልጄ።

አትደንግጪ፣ እኔ አልተነካሁም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለሁ ነው እሳቱ ከማድ ቤቱ የመብራት ሽቦ የተነሳው። ስመለስ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ሁሉ ጄሪካን ይዞ ደጃችን ቆሟል። ማድ ቤቱ አመድ ሆኗል፤ ጓዳውም ግማሹ ሄዷል። ያንቺ ክፍል ተርፏል፤ ግድግዳው ግን ጥቀርሻ ለብሷል። ወንበር ላይ ቆመሽ፣ ሚስማር በጥርስሽ ይዘሽ፣ እኔ ከታች ትወድቂያለሽ እያልኩ ስጮህብሽ የመታሽው የማዳበሪያ ኮርኒስ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። በቢላ ነው የፋቅሁት።

በማግስቱ በር ጀርባ የሰቀልኩትን ፌስታል አገኘሁት። ውስጡ ሰማያዊው የፋብሪካ ጋዋንሽ ነው። ከሞትሽ ጀምሮ ውሃ አላስነካሁትም ነበር። ሲብስብኝ ፈትቼ ፊቴን እቀብርበታለሁ፤ ጥጥ ይሸታል፣ የማሽን ዘይት ይሸታል፣ አንገትጌው ጋ ደግሞ አንቺን ይሸታል። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወጥተሽ፣ ፀጉርሽ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ከኋላዬ ስታቅፊኝ እንደነበረው። ሂጂ ታጠቢ ስልሽ እየሳቅሽ ይብስ ትጠመጠሚብኝ ነበር። ፌስታሉ የጠቆረው ከውጭ ብቻ ነው። ፈትቼ አሸተትኩት። ነበርሽ። መልሼ አሰርኩት።

ከዚያ ቅሬው ተጠራ። የእኛ ቅሬ እንደ ሌላው አገር ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለም እኮ የሚሰበሰበው። ያንቺን ድንኳን የተከሉት ወንዶች መጥተው የከሰለውን እንጨት አወጡ፣ ማገር መቱ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው አቦኩ። ሴቶቹ የጠቆረውን ድስት ይፈትጋሉ። ጎረቤታችን ዘሃራ፣ ልጅ ሳለሽ ያዘለችሽ፣ የተረፈውን ልብስ ሁሉ በሳፋ ሰብስባ ቤቷ ወሰደች፤ ጭስ ካልታጠበ አይለቅም ብላ። እኔ ጓሮ ለጭቃው ውሃ ስቀዳ ነበር፤ አላየኋትም።

በነጋታው ጋዋንሽን ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ጣቶቿ በሳሙና ተልጠዋል።

«የሰብለ እናት፣ የእሷን ለብቻው ነው ያጠብኩት» አለችኝ። «ውሃ እየለዋወጥኩ። ወላሂ፣ ምንም ሽታ አላስቀረሁበትም።»

ምን ልበላት ልጄ? እጅሽ ይባረክ አልኳት። ስትሄድ ገለበጥኩት፤ ብብቱን፣ አንገትጌውን፣ የኪሱን ስፌት ሁሉ ፈለግኩ። የዱቄት ሳሙና ብቻ ነው። እርጥቡ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብርሽ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን ሰው ይዞኝ ነበር።

ዘሃራ አታውቅም፣ እኔም አልነግራትም። ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል። አንዳንድ ቀን ግን በደጄ ስታልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

ቤቱ አሁን ደህና ነው። ግድግዳው ደርቆ ኖራ ተቀብቷል፤ የሚገባው ሁሉ አምሯል ይለኛል። ለእኔ ግን የሰው ቤት ይመስለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውስሽ ስሞክር ጥጡ ይመጣል፣ ዘይቱም ይመጣል፤ የአንገትሽ ሽታ ግን እየራቀኝ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሺፍት ሲለወጥ የፋብሪካው በር አጠገብ እቆማለሁ። ልጆቹ ጋዋናቸውን እንደለበሱ እየተሳሳቁ በአጠገቤ ያልፋሉ። ማንንም አላስቸግርም፣ ማንንም አልጠይቅም። ጥጡና ዘይቱ እንኳ እንዳይርቁኝ አየሩን እስባለሁ። እንዳልረሳሽ፣ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ እየወረድኩ እቆማለሁ።

እናትሽ