ከኮፈኑ ሥር ስንት እጅ አለ?

ሰኞ፣ ጁን 3
ቲማቲሞቹን ውሃ አጠጣሁ። ከሰዓት በኋላ አሮጊቷን ይዤ ወደ ቁልቁለቱ ወጣሁ። (መኪናዬን ነው፤ ሚስቴ ሎርና ይህን ብታነብ ነገር እንዳይመጣ።) ፍሬን ስረግጥ ቂጧ ፊቷን ሊቀድም ዞረ። ክረምት ላይ የፊት ፍሬኗን ታምቡሮች አውጥቼ ዲስክ ካስገባሁላት ወዲህ እንዲህ ናት። ሚስቴ አብራኝ መቀመጥ ትታለች። ዛሬ ደግሞ ፍርዷን አሳወቀች፦

«ልጄ በጎኑ በሚሄድ መኪና ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ወይ አስተካክላት፣ ወይ የእህቴን ቫን እንለምን።»

ቫን! ልጃችን ኮራሊ እኮ ገና በልጅነቷ «በአባዬ መኪና ነው የምዳረው» ያለች ናት። ሰርጓ ጁን 22 ነው።

ረቡዕ፣ ጁን 5
ዕጣ ፈንታዬ በፖስታ መጣ። አዲስ ቫልቭ። ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይመጥናል። አሮጌው አይስተካከልም፤ ይሄ ማዞሪያ አለው። ወደ ቀኝ ለኋላ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ይቀንሳል። ሕፃን ይገባዋል። እኔም ገባኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 6
ገጠምኩ፣ ከፍሬኑ መስመር አየሩን አወጣሁ፣ ሞከርኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። ሊቅ ነኝ።

ዓርብ፣ ጁን 7
እንደ ዓርብ ልማዳችን እኛ የአሮጌ መኪና ወዳጆች፣ ፓስተራችን ሳይቀሩ፣ በርገር ቤቱ ደጅ ተሰበሰብን። ኮፈን ዘግቶ የመጣ «አሞት ይሆን?» ይባላል። የሰው መኪና ቀለም መንካት ነውር ነው። ከኮፈን ሥር ያለው ግን የማኅበር ንብረት ነው። የሎርና ወንድም ቨርጂል «ለኋላ አሳንሰህባታል» አለ። ጎረቤቴ ዴልማር «አብዝተህባታል» አለ። ተከራከሩ። እኔ ኬክ ልበላ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 8
ቂጧ ዞረ። ምን ነካት? ትናንት ቀጥ ያለች... ማዞሪያውን ወደ ግራ መለስ አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ ጁን 11
ቀጥ አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አልጠይቅም።

ቅዳሜ፣ ጁን 15
ትናንት ማታ ከዓርቡ ጉባኤያችን ስመለስ ደህና ነበረች ልበል? ዛሬ አፍንጫዋን አስፋልት ላይ ደፍታ፣ «ቁም» የሚለውን ምልክት አልፋ፣ አኩሪ አተር ማሳ ጫፍ ላይ ቆመች። የኋላው ፍሬን ጭራሽ የለም! እርጥበቱ ይሆን? ዘይቱ? ጨረቃ? ሎርና ለእህቷ ደውላለች።

እሑድ፣ ጁን 16
ከጸሎት በኋላ ዴልማር ጥግ ወሰደኝ። «ለሙሽሪት ብዬ ነው... ዓርብ ዕለት ማዞሪያዋን ትንሽ አዞርኳት።»

ቨርጂል ሰማ። «ወደ የት?»

«ወደ ግራ።»

የቨርጂል ፊት ተለወጠ። «እኔ እኮ ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ወደ ቀኝ አዙሬያት ነበር።»

ፓስተር ሆሊስ ከኋላችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እርሳቸውም?!

ማክሰኞ፣ ጁን 18
ሎርና ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም። ከእህል ጎተራው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወሰደችኝ። እኔ እየነዳሁ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እሷ ቆማ ጎማ ታያለች።

«የኋላው ቀድሞ ተቆለፈ።» ወደ ግራ አዞርኩ።

«አሁንም የኋላው።» አዞርኩ።

«የፊተኛው በጥቂቱ ቀደመ። በቃ! እጅህን አንሳ አንተ ሰውዬ።»

አነሳሁ። ከዚያ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ቀስ ብዬ ወደ ቤት ነዳሁ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ማዞሪያ የለም።

ቅዳሜ፣ ጁን 22
ቁልቁለቱ ላይ ዝይዎች ከነልጆቻቸው መንገዱን ሞሉት። ረገጥኩ። ቀጥ! አበባው እንኳ ከኮራሊ ጭን አልወደቀም። «አሳልፋቸው፣ አባዬ» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ የዓርቡ ጉባኤ በሙሉ ከረባት አስሮ መኪናዋን ከበበ። ሎርና ግን ኮፈኑን በነጭ የሰርግ ጥብጣብ ዙሪያውን ጠፍራዋለች። ቋጠሮው የእሷ ነው። ዴልማር አንዴ ዞራት። ቨርጂል ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አጠና። ፓስተሩ ቀና ብለው ሎርናን አዩ።

እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። በመጨረሻ አንድ በአንድ ኪሳቸው ከተቱ።