ሦስተኛው ዘፈን ዋስ ይፈልጋል

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአቶ ጉዲሳ፤ ደሎ መና፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሃል? አጎበሩን ዘርግተህ ነው የምትተኛው ወይስ እንደ አምናው አጣጥፈህ ትራስ አድርገኸዋል? ግሬደርህስ ደህና ናት? ስለ እሷ ሳልጠይቅ ባልፍ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። እማዬ ደህና ናት፣ ታናሼ ዳርቱ ደህና ናት፣ እኔም ጤናዬ የተሟላ ነው። ድምፄ ብቻ ትንሽ ሻክሯል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

«ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ» እንደምትል ይገባኛል። አንተ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተህ፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ይቆረጣል። ዋናው ምክንያት ግን ከአንተ የምፈልገው መልስ በፊርማ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ሊሊሳ ለካምፑ መለዋወጫ ሊወስድ መጥቶ ነገ ስለሚመለስ ይህን በእሱ እልክልሃለሁ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ሲመጣ መልስህን ይዞልኝ ይመጣል። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ አለች፣ እንዳትጥላት። መጀመሪያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብብ፣ ቀጥሎ ካርዷን ስልክህ ላይ አድርገህ ስማ፣ ከዚያ ወስን። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጥብኝ።

ካርዷ ላይ ያሉት የባንዳችን አዲስ ዘፈኖች ናቸው። ባንድ ማቋቋማችንን እማዬ ነግራሃለች፤ አነጋገሯንም እገምታለሁ፦ «ልጅህ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃ መጮህ ጀምራለች» ብላህ ይሆናል። እውነቷን ነው፣ እንጮሃለን። ሦስት ነን። ጊታሩ የሕዝቅኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ድራም የምትመታው ሄለን ናት፣ የእድራችን ሊቀመንበር የጋሽ ሀብተወልድ ልጅ። ግጥሙን የምጽፈውና የምጮኸው እኔ ነኝ። ስማችን «ነገ ተመለሱ» ነው። ስም ለማውጣት አልተቸገርንም፤ ሦስታችንም ከተመረቅን ጀምሮ በየቢሮው ስንባል የኖርነው ይህንኑ ነው።

ሙዚቃው ፓንክ ይባላል፣ በላዩ ላይ ራፕ አለበት። ግሬደርህ ምላጯ ቋጥኝ ሲነካ የምታሰማውን ድምፅ አስብ፤ ጊታሩ እሱ ነው። በዚያ ድምፅ መሃል አንተ ለረዳትህ ስትጮህበት ደግሞ ራፑ እሱ ነው። ስለዚህ ለአንተ እንግዳ ነገር አይሆንብህም።

ሁለቱ ዘፈኖች ጥቅምት ላይ ወጥተዋል። የመጀመሪያው «ሲስተም የለም» ነው፦ «ወረፋው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ሰውዬው አለ፣ ሻዩ አለ፤ ሲስተም የለም!» እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ከካራ መገናኛ በሚሠራ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ ከፍቶት ደረስኩ። ዘፋኟ እኔ መሆኔን የሚያውቅ የለም። ከፊቴ የተቀመጡ ክራባት ያሰሩ ሰው «ይሄ ዘፈን ነው ስድብ?» ብለው ረዳቱን ሲጠይቁት፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ካልነካዎት ዘፈን ነው» አላቸው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሰውዬው «ወራጅ አለ!» ብለው መሃል መንገድ ላይ ወረዱ። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ብቻዬን ስስቅ መውረጃዬን አለፍኩ። ሁለተኛው «የሦስት ዓመት ልምድ» ይባላል፤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የጻፍኩት። «ፖለቲካ ነው፣ ተዉት» የሚሉን ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያላየሁትን አልጻፍኩም፤ ያየሁትን መናገር ፖለቲካ ከሆነ ይሁን።

ጣጣ ያመጣው ሦስተኛው ነው። «ማን ሞተ?» ይባላል። ዳገቱ ላይ ላለነው ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ ይመጣ እንደነበር ታውቃለህ፤ ከነሐሴ ወዲህ ፈረቃውም ቀረ። ሰው ቢሮ ይመላለሳል፣ ይመለሳል። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ማን ሞተ? ቧንቧው።
መቼ ሞተ? ማክሰኞ።
ለቀስተኛው ማነው? ቢጫ ጀሪካን በሰልፍ።
ማን ገደለው? አይታወቅም።
ማን ይቅበረው? ኮሚቴ ይቋቋማል!»

ለእንዲህ ያለ ዘፈን መግቢያው የእድር ጥሩምባ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ጥሩምባውም ነበረኝ። እትዬ ወርቄ ያረፉ ዕለት ጋሽ ሚልኬሳ ማልደው በመስኮታችን ሥር እየነፉ ሲያልፉ ስልኬን አውጥቼ ቀድቼዋለሁ። ያን ጊዜ ለምን እንደቀዳሁት አላውቅም፤ ድምፁ አንጀቴን በልቶኝ ይሆናል። ጋሽ ሚልኬሳን አላስፈቀድኩም። ማስፈቀድም አልታሰበኝም። ይህን ልብ በልልኝ፣ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

የምንለማመደው እድር ቤት ውስጥ፣ በተጣጠፈው ድንኳንና በድስቶቹ መሃል ነው። ጋሽ ሀብተወልድ የፈቀዱልን ድራሙ ከቤታቸው እንዲወጣላቸው ብለው ነው። ኅዳር ስድስት ቅዳሜ ጠዋት ትልቅ ስፒከር ተውሰን ዘፈኑን ልንሞክር ገባን። መግቢያው ላይ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ረጅም ይነፋል፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ከዚያ ድራሙ ይገባል። የጥሩምባው ድምፅ ልክ አልመጣ ስላለኝ መግቢያዋን ብቻ እየመለስኩ አራት ጊዜ አጫወትኳት። በሩ ክፍት ነበር። ስፒከሩም ፊቱ ወደ ሰፈሩ።

በአራተኛው ላይ አራት የድንኳን ተረኞች እየሮጡ ገቡና ድንኳኑን ተሸከሙት። አንደኛው «የት ነው የሚተከለው?» አለ። ሄለን «ምኑ?» አለች። «ድንኳኑ ነዋ! ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሕዝቅኤል፣ ሳያስብ፣ «ቧንቧው» ብሎ መለሰ። አባዬ፣ ያኔ በጥፊ አለመመታቱ የእግዜር ሥራ ነው።

ወጥቼ ሳይ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እማዬ ራሷ ከፊት ናት፤ «የማን ቤት ነው? የማን ቤት ነው?» እያለች ስታለቅስ ደርሳ እኔን ማይክ ይዤ ስታየኝ እንባዋ በአንዴ ደረቀ። የሆነውን ሳስረዳ ገሚሱ ተሳደበ፣ ገሚሱ ሳቀ። እኔም፣ አልዋሽህም፣ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከሁሉም ኋላ ጋሽ ሰሎሞን መጡ። ሚስታቸውን እትዬ ወርቄን ከቀበሩ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም። አልተሳደቡም። አጠገቤ ቆመው በቀስታ፣ «ይቺ የወርቄ ናት» አሉኝ። እንዴት እንዳወቋት ነገሩኝ፦ ያን ዕለት ጋሽ ሚልኬሳ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሦስተኛው ላይ ትንፋሻቸው ተቆርጦ ስለዋል። ሳሉ ቅጂዬ ላይ አለ። እኔ «ስሜት ይሰጣል» ብዬ ነበር የተውኩት። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

በማግስቱ ጋሽ ሰሎሞን ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንድ ጊዜ ክፈቺልኝ» አሉ። ከፈትኩላቸው። እስከ ሳሉ ድረስ ሰሙና «አሁን አጥፊው» አሉኝ። ፊታቸው አጠፋሁት፤ ይዤው የሄድኩት ላፕቶፕ ላይ የነበረውንም አጠፋሁት። ዘፈኑ መግቢያ አልባ ሆነ።

ጋሽ ሚልኬሳ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቁኝም። ደጃቸው እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው፤ «እንጨቴን ብትሰርቂኝ ይሻለኝ ነበር፣ ትንፋሼን ነው የወሰድሽው» አሉኝ። ቆሜ ሰማሁ። ሲደክማቸው «ለመሆኑ ቃሉ ምን ይላል?» አሉ። አነበብኩላቸው። «ኮሚቴ ይቋቋማል» ላይ ሲደርስ መጥረቢያውን ጥለው ሳቁ፤ በኦሮምኛ እውነትሽን ነው አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ አንተ ሳታውቀው አትቀርም፣ እኔ ግን በሃያ አራት ዓመቴ ልብ ብዬው አላውቅም። የሞቱ ጥሪ ሦስት ረጅም ነው፤ የስብሰባው ግን ሁለት አጭርና አንድ ረጅም። «የሞቱን ለማንም ዘፈን አልሰጥም፣ እሱ የእኔም አይደለም» አሉ። «የስብሰባውን ግን የምነፋው በሕይወት ላለ ሰው ነው። እሱን ከፈለግሽ ጠይቂኝ።» ጠየቅኳቸው። ሐሙስ ዕለት እድር ቤት መጥተው ሕዝቅኤልን «አንተ ቧንቧ፣ ወንበር አምጣ» ብለው ተቀመጡና ነፉልን። ካርዷ ላይ የምትሰማው እሱን ነው።

ጥሪው ሲቀየር ዘፈኑም ተቀየረ። መጀመሪያ የጻፍኩት በለቅሶ የሚያበቃ ነበር። አሁን «ለቅሶው በቃን፣ ጀሪካኑን አስቀምጡ፣ ለስብሰባ ውጡ» የሚል አዲስ መጨረሻ አለው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ግጥሜን አረመልኝ ማለት ይከብደኛል፣ ግን አርመውልኛል።

ባለፈው እሑድ እድሩ በእኛ ጉዳይ ተሰበሰበ። ጋሽ ሀብተወልድ ደንቡን አነበቡ፦ ሞት ሳይኖር የሞት ጥሩምባ ያሰማ ከአባልነት ይሰረዛል። አንዷ «የእርስዎም ልጅ እኮ ድራሙ ላይ ነበረች» አለቻቸው። «ከእሷ ጋር ቤት እንተያያለን» አሉ፤ ሰው ሳቀ፣ ሄለን ግን አልሳቀችም። ቅጂውን የቀዳሁትም ያጫወትኩትም እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ተናገርኩ። የእኛ ቤት አባል ደግሞ በስም አንተ ነህ። ጋሽ ሰሎሞን ተነስተው «ድምፁን መልሳልኛለች፤ ቃሉን ግን አትንኩባት፣ ወርቄም ለዚያ ውሃ ስትመላለስ ነው ያለፈችው» ካሉ በኋላ ቤቱ ለዘብ አለ። በመጨረሻ ይህን ወሰኑ፦ ዘፈኑ እንዲወጣ አባሉ፣ ማለትም አንተ፣ እድር ቤት ውስጥ ለምንጫወተው ሁሉ ዋስ መሆንህን በጽሑፍ ትሰጣለህ። ካልሰጠህ ዘፈኑ ይቀራል። ያለ አንተ ፊርማ ካወጣሁት የሃያ ሁለት ዓመት ስምህ ይሰረዛል። ጋሽ ሀብተወልድ የእድሩ ዳኛ ስለሆኑ ዋስ ሊሆኑን አይችሉም፤ ሕዝቅኤልም ተከራይ ነው፣ አባል አይደለም። እማዬ «ሃያ ሁለት ዓመት ድስት ያጠብኩት እኔ፣ ፊርማው የጉዲሳ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ «ደንብ ነው» አሏት። እማዬ እስካሁን አልበረደላትም፤ በዚህ ጉዳይ አራተኛ ዘፈን እየጻፍኩ ነው።

የመጨረሻው ቀን ኅዳር ሃያ ስምንት እሑድ ነው።

አባዬ፣ ፊርማህ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያልተሠራውን መንገድ ተሠርቷል ብለህ ፈርም ሲሉህ እምቢ ብለህ ሁለት ወር ቤት የዋልክ ጊዜ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ እማዬ ናት የነገረችኝ። ስለዚህ በይሉኝታ ፈርምልኝ አልልህም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝን ጠይቄያለሁ፤ ለእሱ አንተ አትፈርምም። የምትፈርመው ለዘፈኑ ነው። ስትሰማው ጩኸቱ ቢያስቸግርህ ወረቀቱን ይዘህ ቃሉን ተከተል፣ ከካርዷ ጋር ጽፌልሃለሁ።

ደስ ካላለህ እንዳትፈርም። እውነቴን ነው፤ ዘፈኑን አስቀርቼ እሑድ ዕለት ራሴ ለእድሩ እነግራለሁ፤ ስምህን አሰርዤ የማወጣው ዘፈን የለኝም። ከፈረምክ ግን አውቀህ ፈርም፦ ዋስ አለኝ ብዬ ከቃሉ አንዲት አልቀንስም፣ የሚቀጥለውም አይለዝብም። የማትስማማበትን ነገር ብዘፍን እንኳ ስምህ ከስሬ ይኖራል። ያንን አስበህ ጻፍልኝ።

እማዬ ወገብህን በቅባት እያሸህ ተኛ ብላሃለች፤ ስለ ፊርማው ግን «ጉዲሳ የራሱ ጭንቅላት አለው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ዳርቱ የሒሳብ ፈተናዋን አልፋለች፣ የገባህላት ቃል እንዳለ አስታውሺልኝ ብላለች። ሄለን በጣም ሰላም ብላሃለች፣ አባቷ አሁን ያናግሯታል። ጋሽ ሚልኬሳ ራሳቸውን ከነጥሩምባቸው ካርዷ ላይ ልከውልሃል። በካምፑ ላሉት ሁሉ፣ በተለይ በዓመት በዓል ብቻህን እንዳትበላ ለምታስብልህ ለምግብ ቤቷ ለሐቢባ፣ የእኔን ሰላምታ አድርስልኝ። ዘፈኑን ለእሷም አሰማት፤ የውሃ ነገር እሷም ሳይገባት አይቀርም።

አክባሪ ልጅህ
ጂቱ ጉዲሳ

አዲስ አበባ፣ የካ ሚካኤል
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.