የተጣራ ገቢ

ውድ ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ፤ እኛ እንደ ወትሮው ደህና ነን።

ያ የገቢ ግብር ሕግ ዘንድሮም አልቀለለም። አንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበህ ስትጨርስ መነሻውን ትረሳዋለህ። ለተራ ሰው በተራ ቋንቋ ቢጻፍ ማን ይጎዳል? ድሮ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ልብስ ስፌት ቤት ይሰበሰብ የነበረው ለዚሁ አይደል? «የተጣራ ገቢ እንደ ሻይ ነው» ይሉ ነበር አባባ፤ «ማጣሪያው ላይ የቀረው ቅጠል ወጪህ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ በወረደው ላይ ግብር ትከፍላለህ።»

ባለፈው ሳምንት ግብር ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። ሠራተኛዋ «አባት፣ የተጣራው ስንት ነው?» ስትላቸው ወደ በሩ ዞረው «ማነው የተጣራው?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቀልድ ያውቁበት የለ? ሕጉም ቢሆን ሰው ያደናግራል።

ትናንት ግን ቤት ነበርን፤ ስለ ግብር ያነሳም የለም። ከስፌት መኪናቸው ተነስተው በሩን ከፈቱና «ማነው የተጣራው?» አሉ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። ፈቃድ ካገኘህ ቶሎ ና። ስትደርስም አታንኳኳ፤ በሩ ላይ ሆነህ ተጣራ።

እህትህ