ያለጊዜው የፈካ አይሪስ

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ልጄ ዓለምሰገድ፣ ዓይኔ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስህን የሚያመጣልኝ የማምነው ሰው የለም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ በሩን እያየሁ ነው።

ጓደኞችህ ታስረው አንተ ስትሸሽ «የጓሯችን አይሪስ ሲያብብ እመጣለሁ» ብለኸኝ ነበር። የሚያብብበት መጋቢት ራቀብኝ። ስለዚህ አበባውን አስቸኮልኩት። የታኅሣሥን ብርድ አስቀመስኩት፤ ብርድ ያልቀመሰ ሥር አያብብም ይል ነበር አባትህ፣ ነፍሱን ይማረው። ጥር ሲገባ የላስቲክ ጎጆ ሠራሁለት፣ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ አጠጣሁት። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ላስቲኩ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬ።

ባለፈው ሳምንት ረታ መጣ። አብሮህ ኳስ ሲራገጥ ያደገው ረታ፤ አሁን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው።

«እትዬ አፀደ፣ ላስቲኩ ስር ምን ደብቀዋል?»

«አበባ ነው። ከጊዜው ቀድሞ እንዲነሳ እየቀሰቀስኩት ነው።»

«ቅስቀሳ? ያለ ቀበሌው ፈቃድ?»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ቀድሞኝ አቆመ። በጠመንጃው አፈሙዝ ላስቲኩን ገለጥ አደረገና «ይሄ በየዓመቱ መጋቢት አልነበር እንዴ የሚያብበው? ዘንድሮ ማን ይመጣል ብሎ ነው የቸኮለው?» አለኝ። ሲወጣም «ሲፈካ ይጥሩኝ» አለ።

ለእሱም ነግረኸው ነበር? ወይስ ዝም ብሎ አፉ ላይ መጣለት? ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ላይ አንገቱን ሳያሰግግ አይውልም። እንቡጦቹን እንጂ እኔን አያይም።

ደብዳቤውን የምታመጣልህ ሐሚዳ ናት፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን። ያለህበትን ሰፈር ነገርኳት፤ ደግማ ጠየቀችኝ። ለምን ደግማ? ምናልባት አልሰማችኝ ይሆናል። ሰው አንዳንዴ አይሰማም። ከእሷ ሌላስ ማን አለኝ?

ዛሬ ማለዳ አንዷ ፈክታ አገኘኋት። ረታ ሳይደርስ ቆረጥኳት፤ የቀሩትንም እንቡጦች ቀነጠብኳቸው። የአበባዋን ቅጠል በፖስታው አፍ ላይ ከሙጫው ጋር ለጥፌያታለሁ፤ ስትከፍተው ተቀድዳለች። አሁን መልሰህ ግጠማት። ቅዱ አንድ ብቻ ከሆነ ከአንተ በፊት የከፈተው የለም። ሁለት ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጣ።

የሰፈሩ ሰው ሲጠይቀኝ ዘንድሮ አላበበም እላለሁ። አበባው ወዳንተ መጥቷልና አንተ አትምጣ።

የእግርህን ዱካ ነፋስ ያጥፋልህ። ያስጠጋህ ቤት አይጉደል።

እናትህ
አፀደ