የባለ ፔጆው የአቶ አግማስ እንየው ሕይወትና የሐረጎ ቁልቁለት

አቶ አግማስ ከአባታቸው ከአቶ እንየው ቀለሙና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጣይባ ይማም በ1937 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ተወለዱ። ደሴ ተምረው ኮምቦልቻ በፋብሪካ ግምጃ ቤት እስከ ጡረታ አገልግለዋል። በ1964 ዓ.ም. ወ/ሮ አልጣሽን አግብተው ጽናትንና አብይን ወልደዋል።

በ1985 ዓ.ም. አንዲት አሮጌ ነጭ ፔጆ 504 ገዙ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ባለ ፔጆው ሆነ። ደሴ ፒያሳ በተቀመጡ ቁጥር ወሬያቸው እሷ ነበረች፤ ወንበሯ እንደ ፍራሽ መመቸቱ፣ ጉድጓድ ስትገባ አለማንገጫገጯ፣ አምስት ሰው ጭና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳታቃስት መውጣቷ። ሙሽራም ወላድም በነጻ ስለሚያደርሱባት ጉራቸው ይቻል ነበር።

አመላቸው ግን አንድ ነው፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ሐረጎን ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ። መኪናዋን የሚጠግኑላቸው የኮምቦልቻው ወዳጃቸው አቶ ጀላል፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ሞተሩ ከጠፋ የፍሬኑ ፔዳል ድንጋይ ነው የሚሆንብዎ፤ ይተዉ!» ቢሏቸው ሳቁባቸው። በ1994 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር እንደ ልማዳቸው ሞተር አጥፍተው ሲወርዱ መኪናዋ ኩርባው ላይ አልቆም ብላ ከግንብ ተላተመች። የወ/ሮ አልጣሽ ክንድ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬም አልተቃናም። ሰው ሲሰበሰብ አቶ አግማስ፣ «ጀላል ትናንት ነካክቶት ፍሬን በጠሰ» አሉ።

ይህን በቀብራቸው ላይ ማስነበብ ለቤተሰቡ ትልቅ ሐፍረት ነው። ወ/ሮ አልጣሽም እውነቱን እያወቁ ዝም አሉ። የአቶ ጀላል ደንበኛ ሁሉ ሸሸ፤ ጋራዣቸውን ዘግተው ገበያ ላይ ጨው መሸጥ ጀመሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የአቶ አግማስ ግን አሥራ ሁለት ዓመት አደረ። አቶ ጀላልን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር።

በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ። ፊት ለፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት አጡ እንጂ፣ ከማረፋቸው በፊት ልጆቻቸውን ጠርተው «በሰው ፊት ዋሽቻለሁና በሰው ፊት ይነበብልኝ» ብለው ተናዘዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አቶ ጀላል ዛሬም እንደ ዘመድ መጥተው ከመካከላችን ቆመዋል። የአቶ አግማስን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልልን። ጋሽ ጀላል፣ ፍሬኑ ደህና ነበር፤ ይቅር ብለው አውፍ ይበሉን።