ስለ ክቡርነትዎ ጀርባ

ለተከበሩ የጋብቻ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ስልክዎን ከራስዎ በላይ አንስተው ሲቆሙ የማይ ሰው ነኝና በተለይ ለትከሻዎ እሰጋለሁ። መላው ቤተሰብዎ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በመግቢያው ላይ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሎ የሚቀበለን ምስልዎ ጭምር በደኅና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ፊትዎን ወደ እኔ አዙረው አያውቁምና አልቀየምም። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሠርግ ፎቶግራፍ በማንሳትና በኮምፒውተር በማስተካከል የምተዳደር ሴት ስሆን፣ በአዳራሽዎ ወለል ላይ ካስለጠፉት ቢጫ መስመር ወዲህ፣ ከጃንጥላ ማስቀመጫው አጠገብ የምቆመዋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት የራሴ ማመልከቻዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ነገር ሁሉ በቁጥር ሲቀርብለት እንደሚወድ ስለማውቅ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቢጫው መስመር

በቅድሚያ ላመስግንዎ። የዛሬ ዓመት “ባለሙያዎች ሥነ ሥርዓቱን እንዳይረብሹ” በሚል መስመሩን ሲያስለጥፉ፣ ለሙሽሮች ክብር የሚያስብ ኃላፊ አገኘን ብዬ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከመስመሩ እስከ ፊርማው ጠረጴዛ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ለእኔ ሌንስ አሥራ አንድ እርምጃ ምንም ማለት አይደለም፤ ከዚያ ሆኜ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ማውጣት እችላለሁ። ሳልለካው የቀረሁት ነገር፣ በአሥራ አንዱ እርምጃ መካከል ክቡርነትዎ እንደሚኖሩበት ነው። መስመሩ በተለጠፈ በሳምንቱ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፈተ፤ የገጹም ፎቶ አንሺ፣ አዘጋጅና ዋነኛ ታዳሚ ክቡርነትዎ ሆኑ። በዚህም መሠረት ሙያው ያላቸው ሰዎች ከመስመሩ ወዲህ፣ ሙያው የሌላቸው ደግሞ ከመስመሩ ወዲያ እንዲቆሙ የሚያዝ አሠራር በእጅዎ ተተከለ።

፪. ስለ ጀርባዎ

ክቡር ሆይ፣ ባለቤትዎን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ጀርባዎን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግራጫው ኮትዎ ከኋላ ሁለት ቅድ እንዳለው፣ የግራው ከቀኙ በትንሹ እንደሚያጥር አውቃለሁ። የልብስ ንጽሕና ቤቱ በስፒል ያያዛት የቁጥር ወረቀት ለአምስት ተከታታይ ቅዳሜ ከኮትዎ ጫፍ ላይ እንደነበረችም አውቃለሁ፤ ቁጥሯ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነበር። ሙሽሮች ቀለበት ሲያደርጉ እርስዎ አሉ። እናት ልጇን ስታቅፍ እርስዎ አሉ። አንድ ጊዜማ የሙሽራው ታናሽ ወንድም አልበሙን እያገላበጠ “ይሄ ሰውዬ ማንን ነው ያገባው?” ብሎ ጠየቀኝ።

በሥራዬ ሰውን ከፎቶ ላይ ማጥፋት ቀላል ነገር መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። የሸፈኑት ግድግዳ ከሆነ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ቀድቼ እደርብበታለሁ፤ መጋረጃ ከሆነ መጋረጃውን እቀጥለዋለሁ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ክቡርነትዎ እንዳልተፈጠሩ ይሆናሉ። የሸፈኑት ሰው ከሆነ ግን ከየትም አልቀዳውም። የሙሽራዋ እናት በዚያች ቅጽበት ያሳየችውን ፊት የምትደግምበት ሌላ ቀን የለም፤ ኮምፒውተሬም የማያውቀውን ፊት አይፈጥርልኝም። እርስዎን ከፎቶው ማንሳት እችላለሁ፤ የሸፈኑትን መመለስ ግን አልችልም። ይህን በአዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከምስልዎ ሥር ቢያስጽፉልን እንዴት ያለ ውለታ ነበር።

፫. ስለ አንገትዎ

ባለፈው ወር በጸሐፊዎ በኩል “አንገቴን ቀጠን፣ ፀጉሬን ጠቆር አድርጊልኝ” ሲሉ የላኩልኝን የሠርግ ፎቶ በታዘዝኩት መሠረት አስተካክዬ መልሻለሁ። በማግሥቱ “ተፈጥሯዊ አልሆነም” የሚል አስተያየት ደረሰኝ። እስማማለሁ።

፬. ስለ አባትየው

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እጄን ለማሟሟቅ ነው። የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው።

ከሁለት ወር በፊት በአንዱ ቅዳሜ፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛና አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአዳራሽዎ ተጋቡ። የሙሽራዋ አባት ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከዓመት በፊት ታመው እግራቸው ስለከዳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የመጡት። በራፉ ላይ ለወንበራቸው መንገድ ስለቅቅላቸው “ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ሰው ስነዳ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ተቀምጬ ሰው ይነዳኛል” ብለው አሳቁኝ። ወዲያው ግን እጄን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና “አንቺ ልጅ፣ ልጄ ስትፈርም ዓይንሽን ከኔ ላይ እንዳትነቅይ። ለማንም አልነገርኩም። ልቆም ነው” አሉኝ። ለአራት ወር ያህል፣ ልጃቸው ሥራ በዋለች ቁጥር፣ የአልጋውን ራስጌ ይዘው ለብቻቸው ሲለማመዱ ኖረዋል።

ቆሙም። ልጃቸው ጎንበስ ብላ ስትፈርም፣ ሙሽራው ብዕሯን ሲያይ፣ ምስክሮቹ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ አንድ እጃቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ተነሱ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚያም ሲቀና በሌንሴ አየሁት። ጣቴን ልጫን ስል ሁለት ቅድ ያለው ግራጫ ኮት ፊቴን ሞላው። “ክቡር ኃላፊ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ቀኝ” አልኩ። ሳይዞሩ፣ ዝም በይ በሚል ምልክት ጣትዎን ብቻ አነሱልኝ። አባትየው ልጅቷ ስሟን ጽፋ እስክትጨርስ ቆሙ፤ ቀና ስትል ተቀምጠው ነበር። እኔም በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የክቡርነትዎን ጀርባ ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት የእኔ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ልደባልቀው አልፈልግም። መስመሩን መሻገር እችል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ የሙያ ጓደኛዬ የጫማውን ግማሽ ስላሳለፈ ለስድስት ወር ከአዳራሹ ታግዷል፤ እኔም እግሬን ካነሳሁ በኋላ ስለ መግቢያ ፈቃዴ አስቤ መለስኩት። አንድ አባት በአራት ወር ልፋት የቆመውን፣ እኔ በአሥራ አንድ እርምጃ ፍርሃት አጣሁት። አፍሬበታለሁ፤ እስከ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ አባትየው ሕመሙ አገረሸባቸው፤ ሐኪሞቹም መቆም የሚባል ነገር ከእንግዲህ እንደማይኖር ነገሯቸው። ያን ቀን መቆማቸውን ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም፤ ልጃቸው እንኳ ብትሰማ እንጂ አላየችም። በየሁለት ቀኑ እየደወሉ “ፎቶው ደረሰ ወይ?” ይሉኛል። ባለፈው ሲደውሉ ግን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር። “ቆሜ ነበር አይደል? ወይስ መስሎኝ ነው?” አሉኝ።

፭. ስለ ቅጹ

ያችን ግማሽ ደቂቃ በምስል ያስቀረ አንድ ዕቃ በዓለም ላይ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያም የክቡርነትዎ ስልክ ነው። በገጽዎ ላይ ከዚያ ሠርግ ስምንት ፎቶ ለጥፈዋል፤ በስምንቱም ውስጥ በአንድ እጅዎ ራስዎን እያነሱ የሙሽራውን እጅ የሚጨብጡት እርስዎ ስለሆኑ አባትየው ቦታ አላገኙም። ሙሽራዋ ያልተለጠፈውን እንዲሰጧት ስትጠይቅ፣ በአዳራሹ የተነሳ ምስል የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በቅጽ ይጠየቅ ተባለች። ቅጹን ሞላች። በተራ ቁጥር ሰባት ላይ “የሚጠየቀው ምስል ቅጂ በሁለት ኮፒ ተያይዞ ይቅረብ” ይላል።

ሙሽራዋ “ምስሉ ቢኖረኝ ለምን እጠይቃችሁ ነበር?” ብትላቸው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አዝነው “እኔ ምን ላድርግ የኔ እናት፣ ቅጹ ነው እንዲህ የሚለው” አሏት። ማመልከቻው “አባሪው ያልተሟላ” ተብሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ሲመለስ ሦስቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ፊርማዎ፣ ሳላደንቅ አላልፍም፣ እጅግ ያምራል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ስድስተኛ ቁጥርም ነበረው። ከዚያ ሠርግ ካነሳኋቸው ስድስት መቶ አሥራ አንድ ፎቶዎች ውስጥ በስንቶቹ ላይ ጀርባዎ እንዳለ ቆጥሬ ላቀርብልዎ አስቤ፣ የሚጣሉትን ሰብስቤ ያስቀመጥኩበትን ማኅደር ከፈትኩ። በንዴት ነው የከፈትኩት፤ ይህን አልደብቅዎትም። አንድ መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ጀርባዎ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሁለቱም እጆችዎ ከራስዎ በላይ ተዘርግተዋል፤ በእጆችዎ መካከል ስልክዎ አለ፤ የሚነሳው ምስል የሚታይበት የስልኩ መስታወትም ወደ እርስዎ፣ ማለትም ከኋላዎ ወዳለሁት ወደ እኔ፣ ዞሯል። ምስሉን አጎላሁት፤ ደግሜ አጎላሁት። በመስታወቱ ውስጥ፣ የጥፍር ያህል በምትሆን ቦታ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ከዚያች ጥፍር ላይ ሰው ለማውጣት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። መስታወቱ የፈጠረውን መስመር አጠፋሁ፣ የተጣመመውን አቀናሁ፣ ብርሃኑን ከፊታቸው ላይ አነሳሁ። የጎደለውን ግን አንድም ቦታ በግምት አልሞላሁም፤ ስለዚህ ፎቶው ሻካራ ነው። ቢሆንም እሳቸው ናቸው፤ ቆመዋል፤ ከጎናቸውም ልጃቸው ትፈርማለች።

በዚህም መሠረት በቅጹ ተራ ቁጥር ሰባት የተጠየቀውን ቅጂ በሁለት ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ያቀረብኩ ሲሆን፣ አባሪው ተሟልቶ ሳለ የምንጠይቅዎ ነገር ስለሌለ ማመልከቻው በሙሽራዋ ፈቃድ ተነስቷል። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮም የማንኛዋም ሙሽራ አባት ወይም እናት ከወንበሩ ሲነሳ ካየሁ ቢጫውን መስመር የምሻገር መሆኔን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ፈቃዴን መሰረዝ የክቡርነትዎ ሥልጣን ነው፤ የሚሰርዙበትን ደብዳቤ በዚያው በሚያምረው ፊርማዎ እንዲፈርሙልኝ ብቻ እለምናለሁ።

ለማንም ያልተሰጠ ትዕግሥት ለትከሻዎ እንዲሰጥ፣ የስልክዎ ባትሪ እንዲበረታ፣ ጀርባዎም አንድ ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ እንዲያርፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ክቡርነትዎን አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ከኋላዎ ያየች፣ አንድም ቀን ከፊት ለማየት ያልታደለች፣
የሠርግ ፎቶ አንሺዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአባሪው ፎቶ የታችኛው ጠርዝ ላይ አንድ ወፍራም ነገር ያያሉ፤ የክቡርነትዎ አውራ ጣት ነው። ስልኩን ሲይዙ መስታወቱ ላይ አርፎ፣ ከአባትየው ኋላ የነበረውን ተሽከርካሪ ወንበር ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ላጠፋው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አባትየው ግን “ተይው፤ ወንበሬን ደብቆልኛል” ብለው ከለከሉኝ። ፎቶውን ከአልጋቸው ፊት ለፊት አሰቅለው፣ የማን ጣት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ቃል በቃል ላድርስልዎ ብዬ ቃል የገባሁላቸውን ይህን መልእክት ሰጡኝ፦ “አመስግኚልኝ። ጣቱ ከሰውዬው ይሻላል።”